ካውቦዩ፣ ድልድዩና ልብስ አጣቢው

ዛሬ ስለ ዊንተርሴት እንጫወት። ስሟን ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይፈረድባችሁም፤ አምስት ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የማዲሰን ካውንቲ ዋና ከተማ ናት። ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከዴ ሞይን ተነስቶ ለሚነዳ ሰው ከአንድ ሰዓት አትበልጥም። መሐሏ አደባባይ፣ አደባባዩ ላይ በ1876 በኖራ ድንጋይ የተሠራ ባለጉልላት ፍርድ ቤት፣ ዙሪያውን ሱቅና ምግብ ቤት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።) በዚያ አገር ከካውንቲ ከተሞች አንዷን ያየ ብዙዎቹን እንዳየ ይቁጠረው። ገበሬው ግብር የሚከፍለው፣ መሬቱን የሚያስመዘግበው፣ ጎረቤቱን የሚከሰው እዚያ ነው፤ ገበያውም ወሬውም አብሮ እዚያው ይከማቻል።

እንግዳ ሲመጣ ዊንተርሴት በኩራት የምታሳየው ጆን ዌይንን ነው። የካውቦይ ፊልሞቹ ጀግና የተወለደው እዚህ፣ በ1907 ነው፤ ያኔ ማሪዮን ሞሪሰን ይባል ነበር። ቤተሰቡ ገና ሕፃን ሳለ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቢሆንም የተወለደባት ትንሽ ቤት ትጎበኛለች፣ ሙዚየምም ተሠርቶለታል። ለጥቂት ዓመት እንግድነት ብዙ ክብር ነው!

ሌላው መኩሪያዋ ድልድዮቿ ናቸው። ሮበርት ጄምስ ዎለር በ1992 «የማዲሰን ካውንቲ ድልድዮች» የሚል የፍቅር ልብ ወለድ አሳተመ፤ በ1995 ክሊንት ኢስትዉድና ሜሪል ስትሪፕ በፊልም ተጫወቱት። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው በዛ። ድልድዮቹ የእንጨት ናቸው፤ እንደ ቤት ጣሪያና ግድግዳ አላቸው። ለፍቅረኞች ጥላ ተብሎ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ የካውንቲው ሹማምንት ሒሳብ ነው። ወለሉን የሚሸከመው ወፍራም እንጨት ውድ ነው፣ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል። የጣሪያና የግድግዳ ሳንቃ ግን ርካሽ ነው፤ ሲያረጅ ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። እናም ርካሹ ለውዱ ጃንጥላ ያዘለት። ድሮ 19 ነበሩ፣ ዛሬ ያሉት 6 ናቸው። ሴዳር የሚባለውን በ2002 ሰው ሆን ብሎ አቃጠለው፤ መልሰው ሠሩት። በ2017 ዳግመኛ ሆን ተብሎ ተቃጠለ፤ በ2019 እንደገና ቆመ። የአገሩ ሰዎች እልኸኞች ናቸው።

ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ያ ቀይ ፖም፣ ሬድ ዴሊሸስ፣ ዘሩ የተገኘውም በዚሁ ካውንቲ፣ ጄሲ ሃያት በተባለ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ያለ ቦታው የበቀለውን ችግኝ ሃያት ሁለት ጊዜ ቢቆርጠው ሁለቴም መልሶ አቆጠቆጠ፤ በሦስተኛው ተወው ይባላል።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን የከተማዋ ትልቁ ታሪክ ሌላ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ጥቁር ወጣት ዊንተርሴት ደረሰ። ሚዙሪ ውስጥ በባርነት የተወለደ፣ ካንሳስ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ከተቀበለው በኋላ ቆዳውን አይቶ ከበር የመለሰው ነው። ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ተቀጠረ፣ ኋላም የሰው ልብስ እያጠበ አደረ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር የሐኪሙ የሚልሆላንድ ሚስት ድምፁን ሰማች፣ ቤቷ ጠራችው። እሱም ሥዕሎቹን አሳያት። ባልና ሚስቱ ትምህርትህን ቀጥል ብለው ወተወቱት። በ1890 ሲምፕሰን ኮሌጅ ገባ፤ እዚያ የሥዕል መምህሩ ለዕፅዋት ያለውን ፍቅር አይታ ወደ አዮዋ የግብርና ኮሌጅ መራችው። በ1896 ማስተርሱን ይዞ አላባማ ውስጥ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት፣ ወደ ተስኪጊ ሄደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያ አስተማረ። ጥጥ ብቻ እየተዘራበት የተሟጠጠውን የደቡብ አፈር በኦቾሎኒና በስኳር ድንች እያፈራረቁ እንዲያሳርፉት ገበሬውን የመከረ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ማለት ይህ ነው።

ካውቦዩ በከተማዋ ተወለደ እንጂ ምንም አልተበደራት። ካርቨር ግን ወደ ትምህርት የመለሰውን ምክር ያገኘው እዚያ ነው። በስሙም ትንሽ መናፈሻ አለችው። ዴ ሞይን አካባቢ ያላችሁ ወገኖች፣ በኦክቶበር ሁለተኛው ቅዳሜና እሁድ የድልድዮቹ በዓል ሲከበር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጆን ዌይን ቤት በፊት ግን መናፈሻዋን አሳዩአቸው።