ዳቦ፣ ፋንድያ እና የሳንቃበር ቁራ

ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር ስንደርስ ረፋድ ነበር። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሼን እስክሰበስብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳቦዬን ገና ከፌስታሉ ሳወጣ ባለበቅሎው «ጋሼ፣ ዳቦዎን ይያዙ! ያ ሌባ መጥቷል» አለኝ። ዞር ስል፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ቁራ ቆሟል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። መንቆሩ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከጭንቅላቱ ይረዝማል። ከላይ ጎበጥ፣ ከጎን ጠበብ ያለ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ብቻ የነጣ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው።

ዳቦውን አልሰጠሁትም። እሱም ደጅ አልጠናም፤ በቅሎዋ ወደታሰረችበት ሄዶ ፋንድያ ይበትን ጀመር። የገረመኝ አበታተኑ ነው። እንደ ዶሮ በእግሩ አይጭርም፤ መንቆሩን እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እየወነጨፈ ይጠርገዋል፤ የጢንዚዛ ትል ብቅ ሲል ለቀም።

በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ የዚሁ ቁራ ዘመድ አገኘሁ። ሰውነቱ ጥቁር፣ እግሩና መንቆሩ ቀይ፤ መንቆሩ እንደ ወስፌ ቀጭን፣ ወደ ታች ቆልመም ያለ። ሣሩ ሥር እየሰካ ነፍሳት ያወጣል። በወፎች መንቆር ላይ የምናየው ቀይና ብጫ ብዙውን ጊዜ ከምግብ የሚገኝ ነው፤ ካሮትን ካሮት የሚያስመስለው ቀለም ዘመድ። የዚህ ወፍ ጫጩት መንቆር መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ የሚቀላው ሲያድግ ነው።

አንዱ ማጭድ፣ ሌላው ወስፌ የያዙት እንዴት ነው? ወፉ ስለፈለገ መንቆሩ አልወፈረም። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በሌሎች ወፎች ታይቷል፤ በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት፣ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ትንንሽ ወፎችን እየያዙ መንቆራቸውን ለዓመታት ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዝናብ ጠፋ። ትንንሹ ፍሬ ተለቅሞ አለቀ፤ የቀረው ትልቁና ጠንካራው ነበር። እሱን መፈርከስ የቻሉት በአብዛኛው ባለ ወፍራም መንቆሮቹ ናቸው፤ ሌሎቹ በረሃብ ረገፉ። የተረፉት የወለዷቸው ጫጩቶችም የወላጆቻቸውን መንቆር ወረሱ። ከድርቁ በፊትና በኋላ የነበረው የመንቆር ውፍረት ልዩነት በአማካይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው! ከ1983ቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ትንንሽ ፍሬ ሲትረፈረፍ ዕድሉ ወደ ትንንሽ መንቆሮች ዞረ። የመንቆሩ ውፍረት የሚጀምረው ከእንቁላሉ ውስጥ ነው፤ ቢኤምፒ4 የሚሉት ዘረመል ቀደም ብሎና በርትቶ ሲሠራ መንቆሩ ይወፍራል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። መንቆር ላባ የለውም፣ ደም ይዘዋወርበታል፤ ስለዚህ ሙቀት ያባክናል። የብርድ አገር ወፎች መንቆር አጠር ማለት የሚቀናው ለዚህ ነው። ታዲያ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ስሜን ለዚያ ቁራ ይህን የሚያክል መንቆር? የፋንድያው ትል የብርዱን ኪሳራ ሳይሸፍንለት አልቀረም፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

ወደ ሳንቃበር የምትሄዱ፣ ፎቷችሁን ሁሉ በጭላዳ አትጨርሱት። በቅሎ የታሰረችበት ቦታ ጥቂት ቁሙ። ዳቦውን ግን አጥብቃችሁ ያዙ።