ለማይታይ ሰሚ ሙዚቃ ስለ መምረጥ

ሙዚቃ መውደድና ሙዚቃ መስማት አንድ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የወደዱትን ደጋግሞ ማስጮህና የማያውቁትን ሰው ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምቶ ስለ እርሱ እውነተኛ ቃል መናገር እጅግ የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ያየሁት ከ2016 እስከ 2020 በአሜሪካ አገር በአንድ ኮሌጅ ስማር ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ያየሁበትም ቦታ ከተማሪዎች ማደሪያ በታች፥ በምድር ቤት ያለች ጠባብ የተማሪዎች ራዲዮ ጣቢያ ናት።

ወጣት አንባቢዎቼ እንዲህ ያለውን ጣቢያ አላያችሁ እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ራዲዮ አላቸው። በኤፍ ኤም ላይ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርዝ ያለው ስፍራ ለትርፍ ለማይሠሩ ጣቢያዎች የተለየ ስለ ሆነ አብዛኞቹ የሚገኙት በዚያ ነው። የንግድ ማስታወቂያ አያሰሙም፤ ተማሪዎቹም የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው። ከቀድሞዎቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ኃይላቸው 10 ዋት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ክፍል ከሚበራው ከድሮው አምፑል ያነሰ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከእንዲህ ያለው ደካማ ድምፅ ብዙ ነገር ወጥቷል። በጆርጅያ ክፍለ ግዛት በአቴንስ ከተማ በ1980 የተቋቋመው አር ኢ ኤም የተባለው የሙዚቃ ጓድ በትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ከመታወቁ በፊት ሸክላውን ደጋግመው ያዞሩለት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። በሲያትል ከተማም ሰብ ፖፕ የተባለውን አሳታሚ ያቋቋሙት ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ሁለቱም በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ በኬ ሲ ኤም ዩ ሙዚቃ ያቀርቡ ነበር። እነርሱ በ1989 ያወጡት የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም የተቀዳው 600 ዶላር በሚያህል ወጪ ነው። እንዲህ የትልልቅ ኩባንያ ገንዘብ ሳይኖራቸው በገዛ አቅማቸው የሚያሳትሙትን «ኢንዲ» ይሏቸዋል፤ ራሳቸውን የቻሉ ማለት ነው።

በአሜሪካ የንግድ ራዲዮ አጫዋቾች ጉቦ እየተቀበሉ ሸክላ ያሰሙ እንደ ነበር በምክር ቤት ተመርምሮ በ1960 በሕግ ተከልክሏል። ለእኛ ጣቢያ ግን ጉቦ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ሰሚው ስንት እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅምና።

በየሳምንቱ ከአሳታሚዎችና ከራሳቸው ከሙዚቀኞቹ በፖስታ ብዙ አልበም ይመጣል፤ ሌላውም በኢንተርኔት ይላካል። የሙዚቃው ክፍል ኀላፊ በሳጥን ያስቀምጠውና እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት አንሥቶ ይሄዳል። ደንቡ ይህ ነው፤ አልበሙን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መስማት፥ ከዚያም በትንሽ ወረቀት አምስት መስመር ጽፎ በሽፋኑ ላይ መለጠፍ። ሙዚቃው ምን እንደሚመስል፥ የትኛው ዘፈን ለአየር እንደሚበቃ፥ ነውር ቃል ያለበትም የትኛው እንደ ሆነ ይጻፋል። የኋለኛው ቀልድ አይደለም። በአገሩ ሕግ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነውር ነገር በራዲዮ ማሰማት ስለሚያስቀጣ፥ ጣቢያውን የሚያድነው ያ ወረቀት ነበር።

አምስት መስመር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ በአምስት መስመር መናገር ከባድ ነው። «ግሩም ነው» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው፤ «አይረባም» ብሎ መጻፍም ያው ስንፍና ነው፤ ሁለቱም ሳይሰሙ ሊጻፉ ይችላሉና። ከእኔ በፊት የገባ አንድ ተማሪ «ያልሰማ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ቃል ሁሉ ሰርዝ» ይለኝ ነበር። ከሰረዝሁ በኋላ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ስለ ሆነ እንደ ገና ወደ መጀመሪያው ዘፈን እመለስ ነበር። በ2017 ማውንት ኢሪ በሚል ስም የሚታወቀው ፊል ኤልቬረም፥ ሚስቱ በካንሰር ከሞተች በኋላ በእርስዋ ክፍል በእርስዋ መሣሪያዎች የቀዳውን አልበም አወጣ። ያን አልበም የወሰደች ተማሪ ሦስት ቀን ይዛ ቈየችና ስለ ዜማው ምንም ሳትል «መኪና ለሚነዳ ሰው አታጫውቱ» ብቻ ጽፋ መለሰችው። አምስት መስመር አልሞላም፤ ኀላፊውም ምንም አላለም። ስለዚያ አልበም ከዚያ የተሻለ ፍርድ በታወቁት ጋዜጦች እንኳ አላነበብሁም።

ነገሩ የሚከብደው ሸክላው ከጎረቤት ሲመጣ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ወዳጄ፥ አብረን የምንበላ፥ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም አብረን የምንሠራ፥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አልበም ሠርቶ በገዛ ገንዘቡ 200 ቅጂ አሳተመ። ገንዘቡም በዕረፍቱ ወራት በምግብ ቤት ሳሕን አጥቦ ያጠራቀመው ነበር። ሸክላውን ለእኔ ሰጥቶ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። አራት ጊዜ ሰማሁት። የፊተኛው ገጽ መልካም ነበር፤ ይልቁንም ሦስተኛው ዘፈን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። የኋለኛው ገጽ ግን በዚያ ወቅት ሁሉም ይወደው ከነበረው ከሌላ ባንድ የተገለበጠ ያህል ነበር። እንደዚሁ አድርጌ ጻፍሁት፤ «የመጀመሪያውን ገጽ አጫውቱ፤ ሁለተኛው ገና የራሳቸው አልሆነም።» ወረቀቱን ካነበበ በኋላ እስከ ተማሪ ቤቱ መዝጊያ ድረስ ሰላምታ ነሣኝ። በቤተ ሙከራም ብልቃጡን የምንቀባበለው ያለ ቃል ሆነ።

በአገራችን ለወዳጅ ሥራ ማጨብጨብ እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። በአሜሪካም እንደዚያው ነው፤ ፈረንጅ ሁሉን በግልጽ ይናገራል የሚባለውን አትመኑ። ነገር ግን ለእርሱ የማይገባውን ቃል ብጽፍለት፥ በሚቀጥለው ሳምንት ስለማላውቀው ሰው «መልካም ነው» ስል ቃሌ ምን ዋጋ ይኖረዋል? እርሱስ ሦስተኛው ዘፈን በእውነት መልካም መሆኑን በምን ያውቃል? ያን ዘፈን በዚያ ዓመት ሰባት አጫዋቾች ወረቀቱን አምነው አሰምተውታል። ወዳጄ ሁለተኛውን አልበሙን በሠራ ጊዜ ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ተማሪ ሰጠው። መብቱ ነው።

በ2018 ከሳጥኑ ውስጥ «ላላ በሉ» የሚል አልበም አነሣሁ። በጣቢያው ውስጥ የርእሱን ትርጕም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አቶ ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ በ1985 በአኮርዲዮን፥ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሲንተሳይዘር ተጫውተው ያወጡት ካሴት ከጊዜ በኋላ ተረሳ፤ እርሳቸውም በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ጀመር። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የኋላ ሣጥን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አነስተኛ አሳታሚ ባለቤት ብራያን ሺምኮቪትዝ ያን ካሴት ኢትዮጵያ ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው፤ «ላላ በሉ» ከዚያ በኋላ የመጣ አዲስ ሥራቸው ነው።

ስጽፍ በሁለት ነገር ተጠነቀቅሁ። የታክሲውን ነገር ከወረቀቱ አስቀረሁት፤ ጋዜጦቹ ሁሉ እርሱን ያወሩ ስለ ነበር ሰሚው ለሰውየው ሲያዝን ጣቶቻቸውን ሳይሰማ እንዳይቀር ብዬ ነው። የአገሬ ሰው ናቸው ብዬም አላሞገስሁም። የጻፍሁት ይህን ነው፤ «ሦስት ሰዎች ናቸው። ከበሮውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ዜማውን ይከተላል እንጂ አይጐትተውም። ከጃዝ በፊትም በኋላም ይሆናል። የመጨረሻው ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ጥቂት ዝም በሉ።» ለራዲዮ ሰው ዝም በል ማለት ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ግማሾቹ አልፈጸሙትም።

የእኔ ተራ በሳምንት አንድ ቀን፥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ነበር፤ ማንም የማይፈልገው ሰዓት ስለ ሆነ ለጀማሪ ይሰጣል። አንድ ሌሊት በሳምንት ትምህርቴን አልጐዳውም፤ አራት ሌሊት ወስደው ፈተና የወደቁትን ግን አይቻለሁ። በአዲስ አበባ ያን ጊዜ ረፋድ ስለ ሆነ እናቴ ትደውልልኝ ነበር። «ልጄ፥ እኔ ቡና ሳፈላ አንተ አትተኛም እንዴ? ለመሆኑ በዚያ ሰዓት የሚሰማህ ማን ነው?» ትለኛለች። «አላውቅም እማዬ» እላታለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነበርና። በሁለት ዓመት ውስጥ የደወሉልኝ ሰሚዎች ከሃያ አይበልጡም። አንዱ ሌሊት የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ የአቶ ኃይሉን አልበም ስም ጠይቆኝ እጁ ዱቄት ስለ ሆነ ቀስ ብዬ እንድነግረው ለመነኝ። «ላላ በሉ» የሚለውን ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ ደገምሁለት። ዛሬ በስልካችን ሙዚቃ የሚመርጥልን መሣሪያ ትናንት የወደድነውን የሚመስል ያቀርብልናል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፥ አልነቅፈውም። ግን ያ ጋጋሪ ከዚያ በፊት ምን ወድዶ ቢሆን ነው መሣሪያው ይህን የሚያቀርብለት?

ሰሚ የማይቈጠርበት ሥራ ገንዘብ ሲፈለግ ቶሎ ይሸጣል። ራይስ ዩኒቨርሲቲ በሂዩስተን ከተማ የተማሪዎቹን ጣቢያ የኬ ቲ አር ዩን ባለ 50,000 ዋት መስመር ለሌላ ዩኒቨርሲቲ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ፥ ተማሪዎቹ በ2011 ከዚያ መስመር ወጡ። በኢንተርኔት ሲያሰሙ ቈይተው በ2015 በትንሽ ኃይል ወደ አየር ተመለሱ። በኒው ጀርዚ ደግሞ በ1958 በአፕሳላ ኮሌጅ የተጀመረው ደብልዩ ኤፍ ኤም ዩ ከዚህ የተለየ ዕድል ገጠመው፤ ኮሌጁ በ1995 ሲዘጋ ጣቢያው ሳይዘጋ ቀርቶ ሰሚዎቹ በሚያዋጡት ገንዘብ ይኖራል። ተማሪ ቤቱ ሞቶ ራዲዮው መኖሩ ይገርማል።

በማርች 2020 ኮሌጃችን በኮሮና ምክንያት ተዘጋ፤ እኔም በዚያው ትምህርቴን ጨረስሁ። አሁን ጣቢያ የለኝም፤ ልማዱ ግን አለቀቀኝም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፥ ሚሲሲፒ ሪከርድስ የተባለው አነስተኛ አሳታሚ በ2024 «ሱቨኒርስ» የተባለውን አልበማቸውን አወጣ። ከ1977 እስከ 1985 በአዲስ አበባ በቤታቸው በካሴት የቀዱት ነው፤ ፒያኖ እየመቱ ራሳቸው ያዜማሉ፥ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። ሸክላውን ገዝቼ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁትና ወረቀት ቈርጬ ለጠፍሁበት። እንዲህ ይላል፤ «በዝግታ ቦታ አጫውቱት። ነውር ቃል የለበትም። ወፎቹ የቀረጻ ጕድለት አይደሉም።»