ጋብቻችሁ የት ነው የተጻፈው?

ባልና ሚስትን ስለ ሠርጋቸው ብትጠይቋቸው ብዙ ነገር ያስታውሳሉ፤ የትኛው ሚዜ ዘግይቶ እንደመጣ፣ ጠላው ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ፣ ማን ሳይጠራ ቀርቶ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ። ላይሰንሱን ያወጣችሁት ከየትኛው ካውንቲ ነው ስትሏቸው ግን ጭቅጭቅ ይነሣል። እሱ ዳላስ ነው ይላል፤ እሷ ኧረ ፎርት ወርዝ ነው ትላለች። እዚህ ዩለስ ያሉት ጎረቤታችን ግን የሚከራከራቸው ሰው እንኳ አልነበራቸውም፤ ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል።

እትዬ እንላቸዋለን፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው ከ60 ዓመቱ ጀምሮ፣ ሟቹ ሠርቶ በከፈለው ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ትዳሩ እንደ ደንቡ ቢያንስ 9 ወር የቆየ መሆን አለበት። የእሳቸው ከ25 ዓመት በላይ ነው። ሆኖም የጋብቻ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። አልበሙ አለ፣ የቪዲዮ ካሴቱ አለ፣ ቀሚሱም ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቱ ግን ከአንዱ አፓርትመንት ወደ ሌላው ሲዛወሩ የት እንደገባ አይታወቅም። “ልጄ፣ ያ ሁሉ ሰው የበላበት ሠርግ እንዴት ማስረጃ የለውም ይባላል?” አሉኝ።

ኮርትሃውስ እንሂድ ስላቸው ደግሞ ደነገጡ። “ፍርድ ቤት? ከማን ጋር ተካስሼ?” እውነታቸውን ነው፤ ስሙ ያስፈራል። ነገር ግን የጋብቻ ላይሰንስ የሚሰጠውም መዝገቡን የሚያስቀምጠውም የካውንቲ ክለርክ የሚባለው ቢሮ ነው፤ ዳኛ ፊት መቅረብ የለም። ዩለስ የታራንት ካውንቲ ከተማ ናት። ዋናው ኮርትሃውስ ፎርት ወርዝ መሀል ከተማ ያለው በ1895 የተጠናቀቀው ባለ ቀይ ግራናይት ሕንፃ ነው። ካውንቲው እዚህ አጠገባችን ኸርስት ውስጥም ቅርንጫፍ አለው።

ፍለጋውን የጀመረው የመጨረሻ ልጃቸው ነው። እናቱ “ጥር ኪዳነ ምሕረት፣ በ90 ዓመተ ምሕረት” ብለው ነገሩት፤ ልጁ እዚህ የተወለደ ነው፣ 1990 ብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጻፈ። በዚያን ጊዜ እናቱ አሜሪካን በፊልም እንጂ በአካል አያውቋትም። ጥር 16 ቀን 1990 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24 ቀን 1998 ነው፣ ቅዳሜ። እንዲህ ዓይነቱ የስምንት ዓመት ልዩነት በብዙ ቤት ወረቀት እንዳስጠፋ እገምታለሁ።

ዓመቱ ከተስተካከለ በኋላም አልተገኘም። የስማችን ነገር አለ። እኛ ሴቶች በጋብቻ የባላችንን ስም የመውሰድ ልማድ የለንም፤ ላስት ኔም ተብሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው። ስለዚህ በባል ስም ብቻ የፈለገ ሰው ሚስትን አያገኝም። የሟቹ ስም ደግሞ “ገብረ” ብሎ የሚጀምር ነው፤ አንድ ቃል ሆኖም፣ ለሁለት ተከፍሎም፣ መሀሉ ጭረት ገብቶበትም ሊጻፍ ይችላል። ለሁለት ሲከፈል የኋለኛው ግማሽ ብቻ ላስት ኔም ሆኖ ይቀራል። “ጸ” ያለበት ስም እንደ ጸሐፊው በቲ ኤስም በቲ ዜድም ይጻፋል። በሁሉም ሞከርን፣ ታራንት ውስጥ የለም።

እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። “ታዲያ ሳንጋባ ነው የኖርነው?”

አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ከየትኛውም ካውንቲ የወጣ ላይሰንስ በመላው ስቴት ይሠራል። ዩለስ እየኖሩ ዳላስ ላይሰንስ አውጥቶ ጋርላንድ መጋባት ይቻላል። መዝገቡ የሚቀመጠው ግን ላይሰንሱን በሰጠው ካውንቲ ነው፤ ሠርጉ የተደገሰበት ወይም ቤታችሁ ያለበት ካውንቲ ላይሆን ይችላል። ቴክሳስ 254 ካውንቲ አለው፣ በየተራ እየዞሩ መጠየቅ አይቻልም። ደግነቱ ኦስቲን ያለው የስቴቱ የቫይታል ስታቲስቲክስ ክፍል ከ1966 ወዲህ የተመዘገቡ ጋብቻዎች ማውጫ አለው። ከፍላችሁ ስትጠይቁ የሚመጣው የማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። የሕጋዊ ማስረጃውን ቦታ አይተካም፤ የባልና ሚስቱን ስም፣ ቀኑንና ካውንቲውን ግን ይነግራችኋል። የእትዬ ደብዳቤ ዳላስ ካውንቲ የሚል ሆኖ መጣ። ለካ ያኔ ሁለቱም ዳላስ ነበር የሚሠሩት።

በ183 ይዣቸው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ብዙም አልቆየንም። ሰርቲፋይድ ኮፒ፣ ማለትም ማኅተም ያረፈበት ቅጂ፣ ሦስት ገዙ። ልጁ ከእኛ ጋር ነበር፤ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው። ላይሰንሱ የወጣው ማክሰኞ ጃንዋሪ 20 ነው፣ ሥርዓቱ የተፈጸመው ቅዳሜ። መሀሉ ላይ ያለው ክፍተት የሕግ ነው፤ ቴክሳስ ላይሰንስ ከወጣ በኋላ 72 ሰዓት ሳይሞላ አያጋባም። “ለምን ሰኞ አላወጣችሁትም?” አላቸው ልጁ። “ሰኞማ ጥምቀት ነበረ፤ እዚህም የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ነው ብለው ዘግተውታል። በማግስቱ፣ ቃና ዘገሊላ ዕለት ሄድን። አባትህ ከሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው” አሉት። ከታች የካህኑ ፊርማ አለ። እትዬ ሌላውን ትተው እሱን በጣታቸው ዳሰሱት። እኚህ ካህን ወረቀቱን በጊዜው መልሰው ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይሰንሱን ማውጣት ራሱ መጋባት ይመስለዋል። ላይሰንስ ፈቃድ ነው፤ ከወጣ በኋላ 90 ቀን ይሠራል። ያጋባው ሰው፣ ካህንም ይሁን ፓስተር፣ ኢማምም ይሁን ዳኛ፣ የተጋባችሁበትን ቀንና ቦታ ሞልቶ ከፈረመ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለሰጠው ክለርክ መመለስ አለበት። አለመመለስ በሕግ ያስቀጣል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ያኔ ነው። እኔ የማውቃቸው ወጣት ባልና ሚስት ወረቀት ከዓመት በኋላ ባጋባቸው ሰው መጽሐፍ መሀል ታጥፎ ተገኝቷል፤ እነሱ ደግሞ ያን ጊዜ ለግሪን ካርድ ሰርቲፋይድ ኮፒ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የሠርጉ ሰሞን ካህኑን “አባ፣ ወረቀቱን ላኩት ወይ?” ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ፖስታው ላይ አድራሻ ጽፋችሁ፣ ቴምብር ለጥፋችሁ ብትሰጧቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

አገር ቤት ነገሩ በሰው ላይ የቆመ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ውሉ ላይ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲሆንም በየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል። ቴክሳስ ግን ምስክር አይጠይቅም። ያጋባው ሰው ፊርማ ይበቃዋል። ለዚህ ነው የዚያ የአንድ ሰው ፊርማ የሚያሳስበኝ፤ እሱ ከረሳ አገር ቤት እንደነበሩት አራት ምስክሮች የሚጠራ ሰው የለም።

ለማውጣቱ ብዙም ውጣ ውረድ የለውም። ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ የአገራችሁ ፓስፖርትም ይሆናል። የደም ምርመራ የለም። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ያለው ይጽፋል፣ የሌለው ስለሌለው አይከለከልም። ዜግነትም ሆነ የቴክሳስ ነዋሪነት መስፈርት አይደለም። የፈታ ሰው ፍቺው ከጸና 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ቱጌዘር ኢን ቴክሳስ የሚባለውን የ8 ሰዓት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት የወሰደ ከክፍያው 60 ዶላር ይቀነስለታል፣ 72 ሰዓቱም ይቀርለታል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ትቼ ለትምህርቱ ስል እወስደው ነበር፤ ከሠርግ በፊት ስለ ዕዳና ስለ ቤተሰብ ጣልቃ ገብነት ስምንት ሰዓት የተነጋገሩ ጥንዶች በሰፈራችን ብዙ አላየሁም። ስማችሁን ግን ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ፊደል ልክ አስጽፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት።

አገር ቤት የተጋባችሁ ደግሞ ታራንትም ዳላስም ብትፈልጉ አታገኙትም። የእናንተ መዝገብ እዚያው ነው። በኢትዮጵያ ጋብቻን ጨምሮ ወሳኝ ኩነትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተጋቡ ብዙዎች የመንግሥት ወረቀት የላቸውም። ዘመድ ወክላችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማውጣት የሚቻል መሆኑን ካገባችሁበት ወረዳ አስጠይቁ። ለኢሚግሬሽን ስታስገቡ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ከጭንቀት የተነሣ እዚህ ሌላ ላይሰንስ አውጥቶ እንደገና ይጋባል፤ ከዚያ በኋላ ፎርም በሞላ ቁጥር ከሁለቱ ቀኖች የትኛውን እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

የፍቺ ውሳኔ ኮፒ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከካውንቲ ክለርክ ጋር አታምታቱት። እሱ ያለው ዲስትሪክት ክለርክ ዘንድ፣ ፍቺው በተፈጸመበት ካውንቲ ነው።