ኩርፊያና እርቅ በወላጆቻችን ቤት



ባልና ሚስትን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስሜታቸውን እንዲናገሩ የሚረዳ የጋብቻ አማካሪ ዛሬ በከተማ ይገኛል። በመንዝ ደጋ ግን ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የያዙት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ናቸው። ስለ ጋብቻ ስንማር ስለ ተክሊልና ስለ ቅዱስ ቍርባን እንማራለን፤ ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚመጣው ኩርፊያ ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ በቤታችን ያየሁትን ልጻፍ።

በመሐል ሜዳ ዙሪያ ባለው ደጋ የብዙ ቤት ኑሮ በገብስና በበግ የቆመ ነው። በልግ ሲጠፋ በግ ይሸጣል። ሱፉን ፈትላ ለባና የምታዘጋጀው እናት ናትና በጉ ሲሸጥ የእርሷም ሥራ አብሮ ይሄዳል። አባቴ እንዲህ ባለ ዓመት እናቴን ሳያማክር በጎቹን ሸጠ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ዝም አለ። ሥራ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ያመሻል፤ እራቱን በልቶ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። እናቴ ዝምታውን ንቀት አድርጋ ቆጠረችው። እርሱ በራቀ ቍጥር ቃሏ ከረረ፤ ቃሏ በከረረ ቍጥር እርሱ ይበልጥ አመሸ። እኛ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር መልእክተኞች ሆንን፤ «ለአባትህ እንዲህ በለው»፣ «ለእናትህ እንዲህ በላት»።

ሱዛን ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስሜት ላይ ያተኰረ የባለትዳሮች ሕክምና ሲጀምሩ ያስተዋሉት ይህንኑ አዙሪት ነው፤ አንዱ ይከታተላል፣ ሌላው ይሸሻል፣ ሁለቱም በልባቸው የፈሩትን አይናገሩም።

ሽማግሌዎቹ በተለመደው መንገድ ጀመሩ፤ ስንት በግ፣ በስንት ብር፣ ገንዘቡስ ምን ላይ ዋለ። ጠቡ ባሰ እንጂ አልበረደም። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ግን ሒሳቡን አስቁመው አባቴን፣ «ቤት እያለህ ስለ ምን ታመሻለህ?» አሉት። ብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። በኋላ፣ «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?» አለ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ንቀት የመሰላት ነገር ኀፍረት እንደ ነበረ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እርሷም የተቆጣችው ስለ በጎቹ ሳይሆን በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ስለ ተቆጠረች መሆኑን ተናገረች። በዚያ ቀን የተፈታው ይኸው ብቻ ነው፤ በጎቹ አልተመለሱም፣ አባቴም ዝምተኛነቱን ጨርሶ አልተወም።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3ን ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን አነብባለሁ። አዳም በዛፎች መካከል የተሸሸገው በፍርሃትና በኀፍረት ነበር፤ ሲጠየቅ ግን ኀፍረቱ ክስ ሆኖ በሔዋን ላይ ወጣ።

የነፍስ አባት ሥራ ከሽማግሌዎቹ ይለያል። ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ይሰማሉ፤ የአንዱን ኑዛዜ ለሌላው አያወጡም። በሽማግሌ ፊት ሰው የባልንጀራውን ሕመም ይሰማል፤ በነፍስ አባቱ ፊት የራሱን በደል ያያል። አንዱ ሌላውን የሚተካ አይመስለኝም።

ሕጋችንም ሽምግልናን ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ውሳኔውን ለፍርድ ቤት ቢያደርገውም ተጋቢዎች በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲስማሙ በር ትቷል።

ነገር ግን ሽምግልናችንን ሁሉ አላመሰግንም። ድብደባ ባለበት ቤት ሚስትን «ስለ ልጆችሽ ብለሽ ቻይው» ብሎ መመለስ እርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ለነፍስ አባትም ለሕግም መነገር አለበት። ደግሞም ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ብቻ ናቸው። እናቴ ያን ቀን ለመናገር የደፈረችው አክስቴ ከጎኗ ተቀምጣ ስለ ነበር እንደ ሆነ ኋላ ነግራኛለች።