ለፍሳሽም እቁብ እንግባ?

ስለ ፍቅር፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ፖለቲካ አውርተን አውርተን ጨረስን… ዛሬ ደግሞ እስቲ ስለ ሽንት ቤት እናውራ። ፊታችሁን አታጨማዱብን! አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። እኛ አዲስ አበቤዎች ይህን በሽታ የደበቅነው ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በሲሚንቶ ለስነን፣ «ሴፍቲ ታንከር» የሚል ስም አውጥተንለት ነው።

«እኛ» ስንል ማን መሰልናችሁ? በአንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤቶችን ተከራይተን የምንኖር፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ጥቂት ዓመት የሆነን ሴቶች ነን። ታንከሩ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ይካፈላል። እህቷን ለሳምንት ያሳደረች ሳትቀር ትጠየቃለች!

አዲስ አበባ ለፍሳሽ የተመቸች ከተማ ናት ብንላችሁ አትሳቁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነስታ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ቁልቁል ትወርዳለች። ቁልቁለት ባለበት ፍሳሽ በራሱ ይሄዳል፤ ቱቦ የሚቀብር መሐንዲስ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል? ቱቦ ከሌለ ግን ያው ቁልቁለት ቆሻሻውን ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ከወንዙ ወደ ጎመንና ሰላጣ እርሻ፣ ከእርሻው ተመልሶ ወደ ሳህናችን… በአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚለማ አትክልት እዚሁ ገበያችን ይሸጣላ!

ተሠርቷል የሚባል ነገር የለም አንልም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 8,000 ሜትር ኪዩብ እንኳ አያጣራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀውና በዓለም ባንክ ገንዘብ የተገነባው አዲሱ ማጣሪያ ግን በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የማጣራት አቅም አለው። ደስ ይላል። ነገር ግን ማጣሪያ ሆድ ነው፤ አፉ ያለው በየቤታችን በር ላይ ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን የታዘብነው ነገር ቢኖር፣ ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ ይመጣል፤ አንድ ቤት ከቱቦ ጋር ሲገናኝ ግን ማንም አይመጣም። የሚያስቸግረው ደግሞ ይኸው የመጨረሻው ጥቂት ሜትር ነው።

ከግቢያችን በታች ባለው መንገድ ዋና ቱቦ የተቀበረ ሰሞን አከራያችን ተከራዮችን ሰብስበው ቡና አፈሉልን። (ነፃ ቡና እንደሌለ ያኔ ገባን!) ጥያቄው አንድ ነበር፦ ከግቢያችን እስከ ዋናው ቱቦ ያለውን ቁፋሮ ማን ይክፈል?

«ልጆቼ፣ ቤቱ የኔ ነው፤ የሞላው ግን በማን ሆነና?» አሉ።

«እትዬ፣ ነገ ልቀቁ ቢሉን ቱቦውን ነቅለን አንሄድ!» አልን።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቱቦው የቤቱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ያ የባለቤቷ ጥቅም ነው። ከመጣጭ መኪና ሒሳብ የሚገላግለው ግን እኛን ነው። ወጪው በአንድ ወገን ብቻ ሲወድቅ ቱቦው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ተስማማን፦ ቁፋሮውን እሳቸው ይሸፍናሉ፤ እኛም ለመኪና እናዋጣው የነበረውን በየወሩ ከኪራዩ ጋር እየከፈልን ወጪያቸውን እናቃልላለን። ቀድማ የለቀቀች ዕዳው አይከተላትም።

ይህ ብልሃት የኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 የቴምስ ወንዝ ሽታ የለንደንን ፓርላማ ሲያጥወለውለው፣ ከተማዋ ለፍሳሽ ሥራ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንድትበደር ተፈቀደ፤ ዕዳው ከነዋሪው በሚሰበሰብ ክፍያ በ40 ዓመት እንዲወራረድ ተደረገ። መቶ ዓመት የሚያገለግል ነገር በአንድ ቀን ክፈሉ አይባልማ!

እኛ ግን ገንዘቡን ጨርሰን ሌላ ግድግዳ ጠበቀን። አጭሩ መንገድ የሚያልፈው በታችኛው ጎረቤታችን ጓሮ ነው። «የናንተ ቆሻሻ በጓሮዬ አያልፍም!» አሉ ጋሼ። ልብ አድርጉልን… በየክረምቱ ታንከራችን ሞልቶ ሲገነፍል የሚወርደው በዚያው በጓሯቸው ነው፤ ያለ ቱቦ!

ብራዚሎች ይህን ጣጣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲፈቱት ኖረዋል። ጆዜ ካርሎስ ደ ሜሎ የተባለ መሐንዲስ ከሚታወቁበት ሥራ አንዱ ይኸው ነው። በመንገድ መሐል ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ለእያንዳንዱ ቤት ለየብቻ ከመቀጠል ይልቅ፣ ቀጭን ቱቦ ጥልቀት ሳይበዛው በጓሮ ወይም በእግረኛ መንገድ ይዘረጋል፤ የአካባቢው ቤቶች ተሰብስበው በየት እንደሚያልፍ ይስማማሉ፣ በጋራም ይገናኛሉ። ቁፋሮው ሲቀንስ ወጪውም ይቀንሳል። በኛ አገር ቋንቋ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ነው።

እንግዲህ ለመቀበሪያችን በየወሩ ለእድር እንከፍላለን፤ ለሶፋና ለሠርግ እቁብ እንጥላለን። ለቱቦስ? የከተማ ፍሳሽ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ሒሳባቸውን እስከ ማጣሪያው ብቻ ሳይሆን እስከ እያንዳንዱ ሽንት ቤት ያድርሱልን፤ ማገናኛውን ከውሃ ሒሳብ ጋር ቀስ በቀስ እንክፈለው፤ ተከራይም ከነዋሪ ይቆጠር። ከሁሉም በላይ ጎረቤት ከጎረቤት የሚስማማው ቁፋሮው ከመጀመሩ፣ አስፋልቱም ከመልበሱ በፊት ይሁን። ካለበለዚያ የለበሰውን መልሰን ልንቀደው ነው።

ጋሼን ለማሳመን የሚቀጥለውን ቡና የምናፈላው እኛ ነን። እናንተም በየግቢያችሁ ጀምሩት። ቸር እንሰንብት!