የተነፈሰችው ኳስ

ባለፈው ገና ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። የልጅ ልጄ አማርኛ ትንሽ ይሰባበርበታል፤ የጎደለውን በእጁ እያሳየ ይሞላዋል። ሻንጣው ተከፍቶ ሽቶው፣ ቪታሚኑና ጫማው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከታች አንዲት የቅርጫት ኳስ አየሁ። ቦታ እንዳትይዝ አየሯ ወጥቶ ተጨማድዳለች።

"አባባ፣ የሚነፋ ሰው አለ?" አለኝ።

ሦስታችንም መንገድ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ወረድን። ጎሚስታው መርፌ ፈልጎ ሲነፋት ኳሷ ቀስ በቀስ ቅርጿን ያዘች፤ ልጁም በደስታ ዘለለ። እኔ ግን የማየው ልጄን ነበር። እሱም እኔን ያየኛል። ሁለታችንም ስለ ሌላ ኳስ እያሰብን እንደሆነ ገባኝ። ነገሩ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ማታ ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ ልጁ "አባባ፣ ፓትሪክ ዩዊንግን በዓይንህ አይተኸዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። አባቱ ነግሮት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ልጅ ያገኘ ሽማግሌ ዝም አይልም። ጀመርኩለት። ለእናንተም ያወጋሁትን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ዋሽንግተን የገባሁት በ1981 በሱዳን በኩል ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ለአራት ሆነን አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔ ጆርጅታውን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ዘበኛ ሆንኩ። ቤታችን ውስጥ ከመንገድ ያነሳናት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረች፤ አንቴናዋ የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው። አንድ ማታ ስንከፍታት ሕዝብ ተሰብስቦ "ሆያ! ሆያ!" እያለ ይጮኻል። አንዱ ጓደኛችን ከአልጋው ተነሥቶ "ምንድን ነው፣ እዚህም ቡሄ አለ እንዴ?" አለ። ለካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ስሙ "ሆያስ" ነው፤ ደጋፊው "ሆያ ሳክሳ!" ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነሱ "ሆያ" ሲሉ እኛ እንደ ቡሄ ልጆች እንቀበል ነበር። ቡድናችን ሆነ።

የመጀመሪያው ምክንያት ስሙ ይሁን እንጂ ያቆየን አሰልጣኙ ነበር። ጆን ቶምፕሰን ይባላል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት፣ ጥቁር ሰው፣ ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚቆመው። እዚያው ዋሽንግተን ነው የተወለደው። አባቱ ማንበብና መጻፍ ያልተማረ የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እናቱ የመምህርነት ትምህርት ጨርሳ የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራለች። ከእኛ ከአራታችን አንዱ አገር ቤት መምህር ነበረ፤ ያን ጊዜ ሆቴል ቤት ሳህን ያጥባል። ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አልነበረም።

ቶምፕሰን በ1972 ሲረከበው ቡድኑ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 26 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር። እኛ የደረስነው ፍሬው ሲለቀም ነው። ዩዊንግ እኔ አሜሪካ በገባሁበት ዓመት ጆርጅታውን ገባ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥራ ሦስት ነው። ጃማይካ ተወልዶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነበር። በየሄደበት የተቃራኒ ደጋፊዎች "ዩዊንግ ማንበብ አይችልም" የሚል ጽሑፍ ይዘው ይጠብቁት ነበር። የሙዝ ልጣጭም ተወርውሮበታል። እሱ ግን ከማልያው ሥር ግራጫ ቲሸርቱን ለብሶ ይጫወታል። "ብርድ እንዳይመታው እናቱ አልብሳው ነው" እንባባል ነበር።

በመጋቢት 1982 ለኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሱ። ኒው ኦርሊንስ ላይ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር። በዚያ ቡድን ውስጥ ማይክል ጆርዳን የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ጆርዳን አገባና 63 ለ 62 መሩ። ቢሆንም ኳሷ የጆርጅታውን ናት፤ ጊዜም አለ። ፍሬድ ብራውን የሚባለው ተጫዋች ኳሷን ያዘ፣ በጎኑ የቆመ የራሱ ጓደኛ መሰለውና አቀበለው። የተቀበለው የኖርዝ ካሮላይናው ጄምስ ዎርዚ ነበር። በቃ፣ አለቀ።

እዚህ ላይ የልጅ ልጄ ጭንቅላቱን ያዘ። "አሰልጣኙ ምን አደረገው? ጮኸበት?"

"አይ፤ አቀፈው" አልኩት። "ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ካሜራ እያየ ያን ግዙፍ እጁን ዘርግቶ አቀፈው። እኛ አራታችን እዚያች ክፍል ውስጥ ዝም አልን። በእኛ አገር የዋንጫ ጨዋታ ላይ ኳስ ለጠላት የሰጠ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። መምህሩ ጓደኛችን ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ።"

ልጄ ሲኒውን አስቀመጠ። "አባዬ፣ ይህንን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም" አለኝ።

"ነግሬህማለሁ" ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። እውነትም አልነገርኩትም።

ወሬውን ቀጠልኩ፤ ግን ድምፄ እንደ በፊቱ አልሆነም። 1984ን ነገርኩት። በግማሽ ፍጻሜው ኬንታኪ በሁለተኛው አጋማሽ 33 ጊዜ ወርውሮ ሦስት ብቻ እስኪያገባ ድረስ ጆርጅታውን እንዴት አድርጎ እንዳፈነው ነገርኩት። በፍጻሜው ሲያትል ላይ ከሂውስተን ጋር ገጠሙ። መሐል ሜዳ ላይ በአንድ በኩል የጃማይካው ዩዊንግ፣ በሌላ በኩል የናይጄሪያው ሀኪም ኦላጁዎን ቆሙ። ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ጥቁር ወጣቶች! 84 ለ 75 አሸነፍን። ጆን ቶምፕሰን ይህን ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። ጨዋታው ሲያበቃም ያንኑ ፍሬድ ብራውንን እንደገና አቀፈው፤ ይህኛው እቅፍ የደስታ ነበር። የልጄ እናት ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት። ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተወለደ።

ዩዊንግን በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመኪና ማቆሚያው ደንበኛ የሆነ ሰው ቲኬት ሰጠኝና ላንዶቨር ሜሪላንድ ከሚገኘው ካፒታል ሴንተር ሄድኩ። ወንበሬ ጣሪያው ሥር ነበር። ዩዊንግ ከዚያ ላይ ሆኜ እንኳ ትልቅ ነበር። ያ አዳራሽ ዛሬ የለም፤ በ2002 በፈንጂ አፈረሱት።

በ1985 እንደገና ለፍጻሜ ደረሱና በቪላኖቫ 66 ለ 64 ተሸነፉ። ቪላኖቫዎች ያን ማታ ከወረወሯቸው 28 ኳሶች 22ቱን አገቡ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል! ሽልማቱ ሲሰጥ የጆርጅታውን ልጆች ቆመው ለአሸናፊዎቹ አጨበጨቡ። ዩዊንግ ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ ሲጠራው ትቶ መሄድ ይችል ነበር። ግን ትምህርቱን እንደሚጨርስ ለእናቱ ቃል ገብቶላት ነበር፤ እሷ በ1983 አረፈች። እሱም ቃሉን ጠብቆ በ1985 ተመረቀ። "ማንበብ አይችልም" የተባለው ልጅ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ወደ ሌላዋ ኳስ ልመለስ።

ቶምፕሰን ቢሮው ውስጥ አየሯ የወጣ የቅርጫት ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ሲገቡ እንዲያዩአት ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ኳስ የተሞላችው በአየር ነው፤ አንድ ቀን ይወጣል። ያን ቀን በእጅህ ሌላ ነገር ይኑርህ። አራት ዓመት አብረውት ከቆዩት ተጫዋቾች 97 በመቶዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። ይህን ወሬ እንደሰማሁ ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለስደተኛ አባት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

በ2000 ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ይጫወታል። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት። የሂሳብ ውጤቱ ወርዶ የመጣበት ቀን ማታ ገባሁና እናቱ ለልደቱ የገዛችለትን ኳስ አነሣሁ። መርፌ ወጋሁባት። አየሯ እስኪያልቅ ቆሜ ይዣት፣ እራቱ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኳት። "መጨረሻህ ይቺ ናት" አልኩት። ፉጨቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አልመለሰልኝም። በማግሥቱ ማልያውን ለትምህርት ቤቱ አስረከበ። ውጤቱ ተሻሻለ፤ ኢንጂነርም ሆነ። ወዳጆቼ "እንዴት አድርገህ አሳደግከው?" ሲሉኝ የኳሷን ታሪክ በየሰርጉና በየማኅበሩ እነግራቸው ነበር። ሁሉም ያደንቀኛል። ልጄ ያለበት ቦታ ስነግር ግን ተነሥቶ ይወጣል። ስልክ ስንደዋወል "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ፤ እማዬን አቅርብልኝ" ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ያን የገና ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ልጄ ነገረኝ። "ያን ቀን አምሽቼ የጠበቅሁህ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ሁለት የቅጣት ውርወራ ሳትኩና ተሸነፍን። መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም አላናገረኝም። አባቴ ኳስ ያውቃል፣ እሱ ይገባዋል ብዬ ነበር።"

ሰው በዚህ ዕድሜው ምን ይላል? ስለ ድካሜ ላወራ እችል ነበር፤ ታክሲው፣ የቤት ኪራዩ፣ ፍርሃቱ። ሁሉም እውነት ነው። ያ ሠፈር ስንት የአበሻ ልጅ እንደበላ አይቻለሁ። ቢሆንም "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ" ብቻ አልኩት። እሱም ጥቂት ቆይቶ "እሺ አባዬ" አለኝ። ተጨማሪ አልተባለም። ሲኒዎቹን ተሸክሞ ወደ ጓዳ ሲገባ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ አለፈ።

በኋላ ብቻዬን ስሆን አሰብኩት። እኔ ያንን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ሳደንቀው የኖርኩት በግማሹ ነበር። የተነፈሰችውን ኳስ ወሰድኩ፤ እቅፉን ተውኩ። በጥር 1989 ደግሞ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ድሃ ልጆች የትምህርት ዕድል እንዲነፈጋቸው የሚያደርግ ደንብ ሲወጣ ቶምፕሰን ጨዋታ ሊጀመር ሲል በተቃውሞ ሜዳውን ትቶ ወጥቷል። ያንንም አውቅ ነበር። "ተማሩ" ብሎ አጥብቆ የሚቆጣው ሰው፣ ውጤት ያነሰውን ልጅ ውጭ አታስቀሩብኝ ብሎ የወጣውም እሱ ነው። ተጫዋቾቹ ቁጣውን የተቀበሉት፣ የተሳሳቱ ቀን የት እንደሚወድቁ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ጆን ቶምፕሰን በ2020 በ78 ዓመቱ ሲያርፍ እነዚያ ልጆች፣ አሁን ሽማግሌዎች፣ እንደ አባት ነው ያለቀሱለት።

እኛ ወላጆች ለልጆቻችን ምሳሌ ስንፈልግ ለቁጣችን የሚመቸውን መርጠን እንወስዳለን። ከመጽሐፍም፣ ከአያት ተረትም፣ ከኳስ ሜዳም። እባካችሁ የቀረውንም ግማሽ ንገሯቸው። የወረደ ውጤት ይዞ የመጣ ልጅ ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀኑ እንዴት እንደዋለ ጠይቁት። እኔ ያን ማታ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ሂሳቡ በነጋታው ብነጋገር ምንም አይጎድልም ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ሦስታችን ሰፈር ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ሜዳ ዘበኛውን አስፈቅደን ገባን። ቀለበቱ ትንሽ ተንጋዷል፤ መረብም የለው። ልጄ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ከቅጣት መስመሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ሳተ። የልጅ ልጄ ሮጦ ሄዶ ወገቡን አቀፈውና "አይዞህ ዳዲ፣ እንደ ፍሬድ ብራውን!" አለው። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ኳሷን እዚሁ ትተዋት ሄዱ፤ ክረምት ሲመጡ ይጫወቱባታል። አየር ቶሎ ትጨርሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጎሚስታው ይዣት እወርዳለሁ። "አባባ፣ ማን ሊጫወትባት ነው?" ይለኛል። "አንተ ዝም ብለህ ንፋት" እለዋለሁ።