የሶላር ዋጋ በባትሪው ነው

ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ ወይም ከዱራሜ ወደ ገጠር ቤተሰብዎ ሲዘልቁ፣ በቆርቆሮው ላይ ሶላር ተሰቅሎ ማታ ግን ቤቱ በኩራዝ ሲበራ ሳያዩ አልቀሩም። ዕቃው ብዙ ጊዜ የተገዛው ልጅ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ ነው። ምን ነካው ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ባትሪው ሞተ» የሚል ነው።

ጥሩ ሶላር እስከ 25 ዓመት ያገለግላል፤ ጉልበቱም የሚቀንሰው በጥቂት በጥቂቱ ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው። 4 ዓመት ብለን ብናስብ፣ በ24 ዓመት ውስጥ 6 ባትሪ ይፈጃል። የሊቲየሙ ሲገዙት ይወደዳል፤ ሆኖም በደንብ ከተያዘ 10 ዓመት ሊደርስ ስለሚችል ኋላ ኪስ አይጎዳም። ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ምን ያህል እንደወረደ እናት ሁሉ በገበያዋ አይታዋለች። ስለዚህ ለላምባ፣ ለሻማና ለስልክ ማስሞያ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ሲተርፍ፣ ከፊሉ በዕቁብም ሆነ በባንክ ለሚቀጥለው ባትሪ ይቀመጥ።

ማገዶን ግን ከቁጠባው አይቁጠሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም 70 ባለ 50 ዋት ሶላሮች በጠራራ ፀሐይ የሚሰጡት ጉልበት ነው። ሻጩ ሌላ ቢልዎት (ሻጭ ምን አይል!) ቆጮውም እንጀራውም የሚጋገረው እንደ ወትሮው ነው።

ቆጣሪ ላላት የከተማ እኅቴ ሒሳቡ ሌላ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ቢጨምርም፣ ጥቂት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ሶላሩ መብራት ሲጠፋ ለልጆች ጥናት ይጠቅማል እንጂ በቆጣሪ ቁጠባ ብቻ ወጪውን ቶሎ አይመልስም። እኔ ብሆን ገንዘቡን መስመር ላልደረሰላት እናቴ ቤት አውለው ነበር።

በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ባትሪው በቅጡ አይሞላም። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ አምፖሉን ማስቀደም ነው፤ ባትሪን ጨርሶ ማራቆት ዕድሜውን ያሳጥራል። በበጋ ደግሞ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። የሞተውን የእርሳስ ባትሪ ግን እንደ በርጩማ ደጅ አያስቀምጡት፤ ውስጡ አሲድና መርዛም እርሳስ ስላለ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ሳይከፈት ይቆይና አሮጌ ባትሪ ለሚገዙ ነጋዴዎች ይሰጥ።